ባለቤቴ የቆረጠው ድንጋይ

ሐኪሞቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሲጋራ ነበር። ባለቤቴ በዕድሜው ሙሉ ሲጋራ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አጠገቡ የሚያጨስ ሰው ከቆመ፣ ዝናብ ቢሆንም ከመጠለያው ወጥቶ ይቆማል። "አላጨስም" ሲላቸው ወደ ጫት ይሄዳሉ። ከጫት ወደ ሺሻ። ከሺሻ ደግሞ ወደ አገራችን፦ ከየት ነው የመጣኸው? መጨረሻ የሄድከው መቼ ነው? እዚያ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ዘመድ አለህ? ይህን ሁሉ ሲጠይቁት እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። "ለመሆኑ ቀኑን ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?" ያለው ግን አልነበረም። ይህን የሚጠይቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ የባለቤቴ ሳንባ አለቀ። ሰዎች "ተይው፣ የአላህ ውሳኔ ነው" ይሉኛል። የአላህን ውሳኔ እቀበላለሁ። የሰውን ሥራ ግን በአላህ ላይ አላላክክም።

የምንኖረው እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከትልቁ የገበያ ማዕከል ጀርባ ካውንስል የሚባለው የወረዳው አስተዳደር ከሚያከራያቸው ሕንጻዎች በአንዱ፣ ላይኛው ፎቅ። እሱ የወሎ ልጅ ነው። በሱዳን ወጥቶ፣ በረሃውንም ባሕሩንም አልፎ እዚህ ደረሰ፤ የመኖሪያ ወረቀት ሲያገኝ እኔ ልጃችንን አዝዬ ተከተልኩት። መጀመሪያ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር። ሥራው ሰው አያከብረውም፣ ሰዓቱም የተዘበራረቀ ነው፤ ልጁን የሚያያት ተኝታ ብቻ ነበር። አንድ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ያገኘው ሰው፣ የኪችን ድንጋይ የሚቆርጡ ሠራተኞች የሚፈልግ ወርክሾፕ እንዳለ ነገረው። ባለቤቴ በደስታ ሄደ። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣበት፣ እጁ ላይ ሙያ የሚቀርበት ሥራ ሲመኝ ነበርና።

ድንጋይ ስል ከተራራ የተፈለጠ እንዳይመስላችሁ። ሰዎች ኪችናቸው ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፉበት፣ ድስት የሚያሳርፉበት፣ እዚህ ወርክቶፕ የሚሉት ነገር ነው። ኳርትዝ የሚባለውን ድንጋይ ፋብሪካ ውስጥ ይፈጩና በሙጫና በቀለም ለውሰው፣ ጠፍጥፈው ያደርቁታል። ሲያልቅ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የባለቤቴና የጓደኞቹ ሥራ ደግሞ ይህን ለእያንዳንዱ ቤት በልኩ መቁረጥ፣ ለሲንኩ መብሳት፣ ጠርዙን ማለስለስ ነበር።

ሥራውን ወደደው። ይህን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በኋላ "ለምን አልተወውም?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ስናልፍ ኪችን ከሚያሳዩት ሱቆች መስኮት ፊት ያቆመኛል። "ይቺን ጠርዝ እያት። ይሄ በማሽን አይመጣም፤ ይሄ የእጅ ነው" ይለኛል። ገብቶም በጣቱ ይዳብሰዋል። ሻጮቹ ሊገዛ የመጣ እየመሰላቸው ሲጠጉት ፈገግ ብሎ ይወጣል። ሰው በሥራው የሚኮራበት ነገር ማግኘቱ ለስደተኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት ሲገባ ግን ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው ይመስል ነበር። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ የጆሮው እጥፋት ሁሉ ነጭ ነው። ልጃችን ትንሽ ሳለች በሩ ላይ ሮጣ "አባዬ ስኖው ነው!" እያለች፣ በረዶ መስሏት፣ ትጠመጠምበት ነበር። እኔም ልብሱን በረንዳ ላይ አራግፌ ማሽን ውስጥ እከተዋለሁ። ዱቄቱ ሽታ የለውም፣ አያሳክክም፣ ዓይን ቢገባ እንኳ በውኃ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይገድላል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ወርክሾፑ ውስጥ የሚሆነውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ትልቁ መቁረጫ ማሽን የውኃ ቱቦ አለው፤ ውኃው እየፈሰሰ ሲቆርጥ ብናኙ ጭቃ ሆኖ መሬት ይወርዳል እንጂ አይነሣም። ጠርዙንና የሲንኩን ቀዳዳ የሚያበጁት ግን በእጅ፣ ግራይንደር በሚሉት በሚሽከረከር መሞረጃ፣ ደረቁን ነበር። የወርክሾፑ ጌታ ውኃ አይወድም። ወለሉ ይጨቀያል፣ ሙጫ ለመቀባት ድንጋዩ እስኪደርቅ ሥራ ይጓተታል ይላል። አንድ ማራገቢያ ነበራቸው፤ እሱም ዱቄቱን ካንዱ ሰው አንሥቶ ወደ ሌላው ከመበተን ሌላ ሥራ አልነበረውም። ማስክ ተብሎ የሚሰጣቸው ስስ የወረቀት ነገር ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ረጥቦ አፋቸው ላይ ይለጠፋል። እዚህ አገር ግንበኛ መሰላል ላይ ያለ ራስ ቁር ከወጣ ይጮኹበታል። በየሱቁ ወለል ላይ ጠብታ ውኃ ከፈሰሰ ቢጫ ምልክት ያቆማሉ። ሰው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲተነፍስ ግን ምልክት የሚያቆምለት አላገኘም።

ሳሉ ሲጀምረው ደረቅ፣ ትንሽ ሳል ነበር። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ማር አጠጣሁት። በዚያ ዓመት ረመዳን የሌሊቱን የተራዊህ ሶላት ሊሰግድ እየሄደ ከመሀል ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር። የሕንጻችን ሊፍት ሲበላሽ፣ እሱም ሁልጊዜ ይበላሻል፣ በየፎቁ መካከል ቆሞ ስልኩን የሚያይ ይመስላል። ስልኩን አልነበረም የሚያየው፤ ትንፋሹን ነበር የሚጠብቀው። ጂፒ የሚባለው የሰፈራችን ሐኪም ጋ ሄደን ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ሰጠው። ኢንሄለሩ አልሠራ ሲል ሌላ ቀለም ያለው ኢንሄለር ሰጠው።

በመጨረሻ ኤክስሬይ ተነሣ። ሳንባው ላይ ጠባሳ አዩ። የትውልድ አገሩን ደግሞ ያውቃሉ። ሁለቱን ደምረው ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። አክታው ውስጥ ተህዋሱ አልተገኘም፤ ቢሆንም ከመድኃኒቱ አስገቡት። መድኃኒቱ ሽንቱን እንደ ብርቱካን ጭማቂ ያቀላው ነበር። ሆዱን ይበጠብጠዋል፣ የበላውን ያስመልሰዋል። እኔና ልጄም ተመረመርን። ነርሶቹ ደጎች ነበሩ፤ ክኒኑን ውጦ እስኪጨርስ አብረውት ቆመው ያጫውቱታል። ደግነታቸውን አልክድም። ግን ሰውን በደግነት ላልያዘው በሽታ ማከም ምን ይባላል?

ወሬው እንደሁ አይደበቅም። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ እሑድ እሑድ የአገራችን ሰዎች የሚሰበሰቡበት ትንሽ ካፌ አለ። ባለቤቴ ከዚያ ቀርቶ አያውቅም ነበር። አንድ እሑድ አብሬው ሄድኩ። ለሁላችንም ሻይ በብርጭቆ መጣ፤ ለእሱ ብቻ በወረቀት ኩባያ። ባለ ካፌው ዓይኑን ከእኛ አሸሸ። እኔ ልነሣ ስል ባለቤቴ ጉልበቴን በእጁ ተጫን አደረገኝና ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ። "ጥሩ ሻይ ነው፤ አላህ ይስጥልን" አለ። መንገድ ላይ ስንወጣ ደሜ ፈልቶ ስጮህ፣ "ሰውዬው ልጆች አሉት፣ ፈርቶ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን እዚያ ካፌ ረግጦ አያውቅም። በቤታችንም የሚጠይቀን ሰው እየሳሳ ሄደ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። የክሊኒኩ ሰዎች፣ ወደ ሰው እንደማያስተላልፍ ሲያረጋግጡ፣ "ወደ ሥራህ መመለስ ትችላለህ" አሉት። ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ። እሱም ተመለሰ። መድኃኒቱን ጠዋት እየዋጠ፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ዱቄት ሲምግ ይውላል። ክብደቱ ቀነሰ፣ ሱሪው በቀበቶ አልያዝ አለ። የነቀርሳው ሕክምና ሲያልቅ ሳሉ ብሶበት ነበር። "አንዳንዱ ሰው ቶሎ አያገግምም" አሉን።

በዚህ መካከል ልጃችን ትምህርት ቤት ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ ነው፤ አማርኛዋ ግን የቤት አማርኛ ነው፤ የምግብ፣ የቁጣና የፍቅር። አባቷን ሐኪም ቤት መውሰዱን ከእኔ ተረከበች። አንድ ቀን ሦስታችንም ስንሄድ ከሁልጊዜው ሐኪም ይልቅ አዲስ ሴት ሐኪም ጠበቀችን። ወጣት ናት፣ ድካም ፊቷ ላይ ይታያል። የድሮውን ኤክስሬይና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

"አባትሽ ሥራው ምንድን ነው?"

"ኪችን ወርክቶፕ ይቆርጣል" አለች ልጄ። "ኳርትዝ።"

ሐኪሟ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ትንሽ ልጅ ከነበርኩ ጀምሮ።"

"በውኃ ነው የሚቆርጠው ወይስ በደረቁ?"

ልጄ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ስትቆርጥ ውኃ አለ?"

"ማሽኑ ላይ አለ። በእጅ ስንሠራ የለም።"

"ማስክስ?" አለችው ልጄ።

ባለቤቴ እንደ ማፈር አለ፤ የእሱ ጥፋት ይመስል። "የወረቀት" አላት።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ እንዳይመለስ፣ አንድ ቀንም ቢሆን እንዳይመለስ ነገረችው። ስካን ታዘዘለት፤ ከሳንባውም ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ። ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ በስልክ የተመደበልን አስተርጓሚ መስመሩ እየተቆራረጠ አልሰማ አለ፤ ልጄ "እኔ እነግረዋለሁ" አለች። ባትል ይሻላት ነበር። ሐኪሟ ቀስ ብላ ተናገረች። ልጄ አዳመጠች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ… ሲሊኮሲስ ይባላል። ዳስቱ… አቧራው ሳንባህ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ስካር ሆኗል። እማዬ፣ ስካር ምንድን ነው?"

"ጠባሳ" አልኳት።

"ጠባሳ ሆኗል። ብዙ ነው አባዬ። አይወጣም።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም። ሶሪ አባዬ። ሥራ ብታቆምም ሊብስ ይችላል አለች።"

ባለቤቴ ሌላ ጠየቃት፦ "ነቀርሳው ግን?"

"ነቀርሳ አይደለም። ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረም።"

ባለቤቴ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈና "አልሃምዱሊላህ" አለ። ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የለብኝም፣ ለሰው አላስተላለፍኩም ብሎ ነው። መድኃኒት ያለውን በሽታ በሌለው ለውጠውለት እሱ አመሰገነ። ልጄ ይህን ስታይ ተነሥታ ኮሪደር ወጣች። እኔ ማልቀስ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው።

በማግሥቱ ወርክሾፑ ሄድኩ። ባለቤቴ "ምን ልታደርጊ?" ሲለኝ "ላየው" አልኩት። ከባቡሩ ወርጄ በእግሬ ከሄድኩ በኋላ፣ ሐዲዱ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር ካሉት ቅስት ጣሪያ ቤቶች አንዱ ውስጥ አገኘሁት። ከደጁ ጀምሮ መሬቱ ነጭ ነው። ውስጥ ግራይንደሩ ይጮኻል፤ ሰዎቹ በዱቄቱ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያሉ። በስተቀኝ በመስታወት የታጠረ ቢሮ አለ። በሩ ዝግ ነው፤ የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን አየር እንዳያስገባ በጎማ ተለብዷል። ጌታው እዚያ ውስጥ ንጹሕ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ሸሚዙን ሳይ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ብናኙ ምን እንደሚያደርግ ባያውቅ ኖሮ በሩን ለምን በጎማ ይለብደዋል?

እሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነው። አገሩን አልናገርም፤ ጥፋቱ የአገሩ አይደለም።

"ባልሽ ቲቢ ነው ያለበት" አለኝ ቢሮው ገብቼ ገና ስቀመጥ። "ለእኔ ሳይነግረኝ ነው የሠራው።"

"ቲቢ አይደለም። የአንተ ዱቄት ነው።"

"ማስክ ሰጥቻለሁ።"

"ወረቀት ነው የሰጠኸው። ውኃስ ለምን ዘጋህባቸው?"

"እኅቴ፣ ሁሉም ቦታ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ያልፈለገ አይሠራም፤ ማንንም በሰንሰለት አላሰርኩም።"

"እንግዲያው ና ውጣና ከእነሱ ጋር ቁም" አልኩት። "እስከ ምሳ ሰዓት። በዚያች ማስክ።"

አልወጣም። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ፤ አይገባውም፣ ግን ዝም ብዬ ብወጣ ልቤ ይፈነዳ ነበር። ወጥቼ መንገዱ ጫፍ ሳልደርስ አንድ ሰው ከኋላዬ ጠራኝ። ኤርትራዊ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ምሳ አብሮ ይበላ የነበረ። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል።

"እኅቴ፣ እሱ እንዴት ነው?"

እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። ሳልጨርስ ማሳል ጀመረ፤ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ እስኪያልፍለት ጠበቅኩት።

"ዛሬውኑ ጂፒ ጋ ደውል" አልኩት። "ስለ ድንጋዩ አንተው ንገራቸው። እስኪጠይቁህ አትጠብቅ፤ አይጠይቁህም።"

"ብተወው ልጆቼን ምን አበላለሁ?"

ይህን ጥያቄ ባለቤቴ ለራሱ ስንት ጊዜ ጠይቆት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ግን ሰማኝ። በሳምንቱ ሄዶ ተመረመረ። የእሱም ሳንባ ላይ ተገኘ፤ ግን ገና በጅምሩ ነበር። ዛሬ ዕቃ የሚያደርስ መኪና ይነዳል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ከዚያ ሁሉ መሀል ልቤን የሚያሳርፈው ይሄ ብቻ ነው።

ልጄ የሥራ ቦታ ደኅንነት ለሚመለከታቸው ሰዎች አመለከተች። ተቆጣጣሪዎች ሄዱ፣ ግራይንደሩ ላይ ውኃ እንዲያደርግና አቧራ የሚስብ ማሽን እንዲያስገባ ጌታውን አዘዙት። እሱ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ድርጅቱን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ እዚያው አካባቢ በሌላ ስም፣ በወንድሙ ስም ከፈተ። ካሣ እንዲጠይቅልን የያዝነው ጠበቃ የድሮው ድርጅት በማን ኢንሹራንስ ሥር እንደነበር እያፈላለገ ነው፤ ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የሞተ ድርጅት አይከሰስም ይሉናል። ድርጅት ሲሞት እንዲህ ይቀላል፤ ሰው ሲሞት ነው የሚከብደው።

እኔ በዚያን ጊዜ የምሠራው ክላፋም የሚባል ሰፈር ነበር፣ የሰው ቤት ማጽዳት። የምሠራላት ሴትዮ ክፉ አይደለችም። በስሜ ትጠራኛለች፣ ለበዓላችን ለልጄ ስጦታ ትገዛለች። ኪችኗ ውስጥ እንደዚያው ያለ ግራጫ ድንጋይ ነበር፤ እኔ ነኝ ለዓመታት ስወለውለው የኖርኩት። አንድ ጠዋት ኪችኑ ሊቀየር እንደሆነ ነገረችኝ። ድንጋዩ አልተሰነጠቀ፣ አልቆሸሸ። "ግራጫ አሁን ደስ አይለኝም፤ ነጭ ማድረግ ፈለግኩ" አለችኝ። ሳላስበው የባለቤቴን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ ድንጋዩን በጣቷ ነካችና፣

"ለልጆቼ አደገኛ ነው እንዴ?" አለች።

መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰለኝ። ኋላ ገባኝ። "አይደለም" አልኳት። "ለልጆችሽ ምንም አያደርጋቸውም። ሊያደርግ የሚችለውን አድርጎ ነው እዚህ የሚመጣው።"

ነጩን አዘዘች። ሊገጥሙ የመጡ ቀን እኔ ላይኛው ፎቅ አልጋ አነጥፍ ነበር። የግራይንደር ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በመስኮት ሳይ ሁለት ሰዎች የጓሮው ንጣፍ ላይ ተንበርክከው የድንጋዩን ጫፍ በደረቁ እየቆረጡ ነው፤ ዱቄቱ ዙሪያቸውን ሸፍኗል። አንደኛው ሻርፑን አፉ ላይ ጠምጥሟል፣ ሌላው ምንም የለውም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የአትክልት ማጠጫውን ጎማ አንሥቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ድንጋዩ ላይ ለቀቅኩት። ግራይንደሩን አጠፉት።

"አብደሻል እንዴ? ኤሌክትሪክ ነው፣ ልትገድይን ነው!" ብሎ ጮኸብኝ ማስክ የሌለው።

እውነቱን ነው፤ አደገኛ ነበር፣ እኔም ከዚያ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ግን በዚያች ሰዓት "እኔ ነኝ የምገድልህ?" አልኩት። "ባሌ ይሄን ነበር የሚሠራ። ኦክስጅን ይዞ ቤት ቁጭ ብሏል።" ሰውዬው ዱቄት በሸፈነው ዓይኑ ፈጥጦ አየኝ። ሴትዮዋ ወጥታ "እባክሽ፣ ሥራቸውን ያውቁታል፣ ተያቸው" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ኀፍረት ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር እንጂ ለሰዎቹ አልነበረም። የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ እርጥቡ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩላት። በኋላ መልእክት ላከችልኝ፣ እንድመለስም ለመነችኝ። አልተመለስኩም። ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን ሥራቸውን እንዴት እንደጨረሱት አላወቅኩም።

ባለቤቴ አሁን ከኦክስጅኑ ማሽን ጋር ነው የሚኖረው። ረጅም ቀጭን ቱቦ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ይከተለዋል። የሳንባ ንቅለ ተከላ ይሆንለት እንደሆን እያጠኑት ነው፤ አንድ ቀን ተስፋ ይሰጡናል፣ አንድ ቀን ይወስዱታል። ካውንስሉ ደረጃ የሌለው ምድር ቤት እንዲሰጠን ልጄ አፕላይ አድርጋለች። እኔም ልብሱን ሳራግፍ የኖርኩ ነኝና ኤክስሬይ አነሡኝ፤ እስካሁን ምንም የለም ብለውኛል። እሱ ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ማስነካት ስለማይችል ወንበር ላይ ሆኖ በግንባሩ እያመለከተ ይሰግዳል። ይሄ ነው እሱን የሚያስለቅሰው፤ ሌላው አያስለቅሰውም።

በቅርቡ የመስጊዳችን ኢማም ከጁምዓ በኋላ ለምእመናን እንዲናገር ጠየቁት። ከእኛ ሰዎች ሕንጻ የሚያፈርስ፣ ሴራሚክ የሚቆርጥ፣ ኮንክሪት የሚበሳ ብዙ ነው። መጀመሪያ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማሳል ነው የቀረኝ?" አለ። "ስለዚያውም ነው የጠሩህ፤ ሳል እንግዲህ!" አልኩት። ተንቀሳቃሹን ኦክስጅን ትከሻው ላይ አንግቶ ከልጃችን ጋር ሄደ። እኔ ሴቶች ክፍል ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። በየቃሉ መካከል ትንፋሹ ይሰማል፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ትንፋሹን ከቃሉ አስበልጦ ያሰማዋል።

"ወንድሞቼ… ዱቄቱ… ውኃ ካላያችሁበት… ጥላችሁ ውጡ። 'ነገ እናመጣለን' ቢሏችሁ… ነገ ኑ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ… ሥራችሁን… ቀድማችሁ ተናገሩ።"

ብዙ አልተናገረም። መናገር አይችልማ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ በመልክ እንጂ በቅርብ የማላውቃት ሴት ክንዴን ነካችኝ።

"የእኔም ሰውዬ ግራይንደር ነው የሚይዘው፤ የመታጠቢያ ቤት ድንጋይ" አለችኝ። "ከክረምት ጀምሮ ይስላል።"

"ውኃ ይጠቀማሉ?"

"የምን ውኃ?" አለችኝ።

እጇን ይዤ ወጣሁና ወንዶች ጫማ የሚያደርጉበት በር ላይ ባሏን ጠበቅነው። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። የጫማው ስፌት ውስጥ ያው ነጭ ዱቄት ገብቶ ደርቋል። ስነግረው፣ "እኔ ጠንካራ ነኝ፤ ብርድ ነው፣ ያልፍልኛል" ብሎ ሳቀ። ባለቤቴ በልጃችን ተደግፎ መጣና አጠገቡ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ሲጠብቅ ሰውዬው ሳቁን ተወ።

"ሰኞ ለሐኪም እደውላለሁ" አለ።

ሰኞ አልደወለም። ለሚስቱ ደወልኩላት፤ "ሥራ በዛበት" አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ደወልኩ። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ "እኅቴ፣ አሁንስ አስቸገርሽን" አለኝ። ሐኪም ጋ እስኪሄድ ድረስ አስቸግረዋለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚያስቸግር ሰው አልነበረም።